ለሀሚዱ የተላከ አፉታ

«እዚያው ይቀመጥ» አለች ሰዓዳ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ሀሚዱ በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ያመጣቸውን የውኃ ጀሪካኖች ዳሱ አፍ ላይ አሳረፋቸው። ከቦኖው ድረስ የተሸከመው ሸክም ትከሻውን አጉብጦታል። ጥቂት ቆመ። እንደ ሌላው ለቀስተኛ የአሮጊቷን እጅ ስሞ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ሊል ፈልጎ ይሆናል። ሰዓዳ ግን ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው። በዙሪያዋ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው መሬት መሬቱን አዩ። ሀሚዱ ዞሮ ሄደና ከዳሱ ኋላ እንጨት ከሚፈልጡት ወንዶች ጋር ተቀላቀለ።

ዑምኩልሱም ይህን ሁሉ ከእናቷ ከሰዓዳ ጎን ሆና አየች። ወንድሟን ኡበይድን ትናንት ከዙህር በኋላ ቀብረዋል። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ጉበቱ ከዳው። የሚገባው የሚወጣው ሰው ፊቷን እያየ «አብሽሪ፣ የአላህ ፈቃድ ነው» ይላታል፤ አንገቷን የደፋችው በሐዘን ብቻ ይመስለዋል። እሷን ግን ከሐዘኑም በላይ ያንገበገባት እፍረት ነበር። ጉሮሮዋ ላይ የተቀረቀረ አደራ አለባት። አደራው ደግሞ ለዚያ ውኃ አምጥቶ እጅ መሳም ለተከለከለው ሰው ነው።

ኡበይድ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ፣ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ወደሷ ዞሮ ነበር።

«እታለም» አላት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራት። «ለሀሚዱ አፉ ብዬዋለሁ በይው። ሙዚቃዬ ያለበትን ዲስክ ቢወስድብኝም፣ አላህ ፊት አልከሰውም። አንድ ቀን ይጸጸት ይሆናል፤ ያኔ እንዳይጨነቅ።»

ዑምኩልሱም አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን ሙሉ ጊዜ ነበራት። ግን ከአፏ የወጣው «እሺ» የሚል ቃል ብቻ ሆነ። ኡበይድ ደግሞ እሺታዋን ሰምቶ፣ ከላዩ ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ተንፍሶ ተኛ።

ሀሚዱ ምንም አልወሰደም ነበር። ይህን ከአላህ በታች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብላ ታስብ ነበር ዑምኩልሱም።

ኡበይድና ሀሚዱ አንድ አጥር ተጋርተው ያደጉ እኩያሞች ናቸው። የሀሚዱ አባት ከሐይቁ ዓሣ የሚያወጣ ሰው ነበር። ኡበይድ በአሥር ዓመቱ ከቆርኪና ከጣውላ ክራር ሲሠራ ክሩ ጠፋበት፤ ሀሚዱ የአባቱን መረብ ናይሎን እየቆረጠ ሰጠው። አባት መረቡ ተሸንቁሮ ዓሣው ሲያመልጥ ልጁን ጥሩ አድርጎ ገረፈው። ሀሚዱ ግን ናይሎኑን ለማን እንደ ሰጠ እስከ መጨረሻው አልተናገረም። ዑምኩልሱም ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከአጥሩ ማዶ ሆና ግርፋቱን ሰምታለች።

ኡበይድ ኋላ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደና ትምህርቱን ትቶ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቀረ። ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ የሚጫወቱ ጥቂት ጓደኞች አገኘ። በ2010 ለውጡ መጥቶ ሁሉም የልቡን ይናገር በተባለበት ሰሞን የእሱም ባንድ አንድ የበዓል ዝግጅት ላይ በቴሌቪዥን ቀረበ። ኡበይድ ጠጉሩን ትከሻው ላይ ለቆ፣ ጥቁር ካናቴራ ለብሶ፣ ጊታሩን እንደ በሬ ቀንበር ወዲያና ወዲህ እየናጠ ሲጫወት የሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ አየው። በማግስቱ ዑምኩልሱም የምትሰፋበት ሱቅ ለልጇ ዩኒፎርም ልታስለካ የመጣች ሴት «ወንድምሽን ምን ነካው? ታሞ ነው እንዴ?» አለቻት።

«እሱ አይደለም» አለች ዑምኩልሱም፣ ሜትሩን ከአንገቷ እያወረደች። «የሚመስለው ሰው ነው።»

ወንድሟን ስትክድ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

በ2012 በኮሮናው ምክንያት መድረኩ ሁሉ ሲዘጋ ኡበይድ ጊታሩን፣ አሮጌ ላፕቶፑንና በእግር የሚረገጡ አራት የድምፅ መለወጫ ሳጥኖቹን ይዞ ሐይቅ ተመለሰ። እህቱ የኋለኛውን ክፍል ለቀቀችለት። «ግን በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ እኔ ቤት አይሆንም» አለችው። እሱም ቃሏን አክብሮ ዓመት ከመንፈቅ በጆሮ ማዳመጫ ሠራ። እሷ በፊተኛው ክፍል መኪናዋን እየረገጠች ስትሰፋ ከኋላ የሚመጣላት ነገር የሽቦው ደረቅ ቅጭልጭልታ ብቻ ነበር። በእሱ ጆሮ ውስጥ ግን ነጎድጓድ ነበር አሉ። አልበም እየሠራ ነበር፤ ስምንት ሙዚቃ፣ ሁሉም ያለ ድምፃዊ።

አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ ለምን ግጥም እንደማያስገባበት ጠየቀችው። ኡበይድ ጉርሻውን ሳይጨርስ አሰበ።

«ዘንድሮ ቃል የያዘ ነገር ሁሉ የአንዱ ወገን ነው» አላት። «ሁለት ስንኝ ካስገባሁበት የማን ነህ ይሉኛል። ጊታሩ ግን የማንም አይደለም።»

እሷ ሳቀችበት። ያን ሳቋን አሁን ዳሱ ሥር ተቀምጣ ስታስታውሰው ፊቷ ጋለ፤ ትኩሳት የያዛት መስሏት አንዷ ጎረቤት ከፔርሙዝ ቡና ቀዳችላት።

በዚያው በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዎች መጡ። ጥቁር ካናቴራ ለብሰዋል፤ ሁለቱ ጠጉራቸውን ወደ ኋላ አስረዋል። ዳሱ ደፍ ላይ ጫማቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ከፊት የነበረው ከኡበይድ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ቤዝ ጊታር የተጫወተው እንዳለ ነው። አንገቱ ላይ ክር አለው። ሰዓዳ እግር ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ስለ ጠጉራቸው ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሴቶች አብረውት አለቀሱ።

የሰፈሩን ሐዘንና ቀብር የሚያስተባብረው የቅሬው ዳኛ አያ ኑርዬ ናቸው። ሰማንያ ያለፉ፣ ወሬ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። እንዳለ ውኃ ከጠጣ በኋላ ጠጋ አሉትና ያ የኛ ልጅ አወጣው የሚሉት ሸክላ እውነት ግጥም የለውም ወይ ብለው ጠየቁት። የለውም አላቸው። መንዙማም አይደለም? አይደለም። ዘፈንም አይደለም? ጊታር ብቻ ነው አላቸው። ሽማግሌው አመኑም አላመኑም። ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም፤ ስለዚህ እንዳለን በክርኑ ይዘው ከቁልቋሉ አጥር ወዲያ ወሰዱት። እንዳለ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጆሯቸው ላይ ለጠፈላቸው። ዑምኩልሱም እንግዶቹ እጃቸውን እንዲታጠቡ ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ስትወጣ ያየቻቸው እንዲህ ሆነው ነው፤ አንዱ ስልክ ደግፎ፣ አንዱ በምርኩዙ ላይ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ አያ ኑርዬ ቀና አሉ።

«አምባሰል ነው» አሉ። «ግን ተቆጥቷል።»

እንዳለ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ኡበይድ ይህን ቢሰማ ኖሮ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ትንሽ ሲረጋጋ ነገሩን አስረዳቸው። ይህ የሰሙት የመጀመሪያው አይደለም፤ የአልበሙም ስም «ሁለተኛው» ነው። የመጀመሪያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ። ኡበይድ ሁለት ዓመት ሙሉ በትዝታው ፈልጎ እንደገና ቀዳው።

«ፈጣኖቹን ቦታዎች ጣቴ ረስቷቸዋል ይለን ነበር» አለ እንዳለ። «የረሳው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ሙላበት ብለን ለመንነው። እምቢ አለ። እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። ከበሮው ብቻውን ይሄድና ጊታሩ ከወዲያ ማዶ ይመለሳል። አሁን ሰው የሚወደው ያን ዝምታውን ነው። እሱ ግን በሰማው ቁጥር ይታመም ነበር።»

ከዚያ ዓይኑን እንጨት ወደሚፈልጡት ወንዶች አሻግሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያ መጥረቢያ የያዘው ነው አይደል ብሎ ጠየቀ። ኡበይድ በሬዲዮ ሲጠይቁት ስም አልጠራም፤ አብሬው ያደግሁት፣ ከአንድ ትሪ አብሬው የበላሁት ሰው ነው የወሰደብኝ ብሎ ብቻ ነበር ያለፈው። አያ ኑርዬ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ። ሰው ይላል፣ እኔ ግን በዓይኔ አላየሁም አሉ።

ዑምኩልሱም የእንግዶቹን እጅ ሳታስታጥብ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ዳሱ ተመለሰች።

ዲስኩ የጠፋበት ቀን በጥቅምት 2014 የመጨረሻ ሳምንት ነበር።

ኡበይድ መስከረም ሲያልቅ አልበሙን የሚያወጣለት ሰው ለማነጋገር አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ስምንቱም ሙዚቃ ያለው አንዲት የመዳፍ ያህል ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር፤ አሮጌው ላፕቶፕ ሌላ ቅጂ መያዝ አልቻለም። በየኬላው ፍተሻ ስለበዛ ዲስኩንና አራቱን ሳጥኖች ለእህቱ ትቶላት ሄደ። «መንገድ ላይ ከሚወሰድብኝ አንቺ ጋ ይሻለዋል» አላት። እሱ በሄደ በሦስተኛው ሳምንት ጦርነቱ ሐይቅ ገባ፤ መንገዱም ተዘጋ።

ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት የጦር መሣሪያና የመገናኛ ሬዲዮ እየፈለጉ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። የጎረቤት ቀበሌ ሰው የዲሽ መቀበያው ሬዲዮ ነው ተብሎ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ዑምኩልሱም የኋለኛውን ክፍል ከፍታ ሳጥኖቹን አየቻቸው። ብረት ናቸው፤ መብራትና ማዞሪያ አላቸው፤ ሽቦ ተቀጣጥሎባቸዋል። ጊታር ለማያውቅ ሰው ሬዲዮ አይደሉም ብላ በምን ታስረዳለች? በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁሉንም በልብስ ማጠቢያ ከረጢት አድርጋ፣ ከላይ የእናቷን ቀሚስ ጣል አድርጋበት ወደ ሐይቁ ወረደች። ጉም ነበር። ከረጢቱን ፈትታ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ወረወረቻቸው። መጨረሻ ላይ ዲስኩ እጇ ላይ ቀረ። እሱንም ወረወረችው።

በዚያው ቀን የቤቱን ቁልፍ ለሀሚዱ ሰጥታ እናቷን በአህያ ጭና ወደ አምባሰል ገጠር፣ ወደ አክስቷ ቤት ሸሸች። ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጥተው እናትና ልጅ ሲመለሱ ሀሚዱ ቤቱን እንደነበረ ጠብቆ አስረከባቸው። ምጣዱ እንኳ አልተነካም ነበር።

ኡበይድ መንገዱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። እናቱን ከሳመ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው ዲስኩ የት አለ የሚል ነበር። ወሰዱት አለችው። ማን? ታጣቂዎቹ። በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ውሸቱ ማንንም ባልጎዳ። ጊዜው ሁሉም የተዘረፈበት ነበርና ማንም አይጠይቃትም። ኡበይድ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። የተዘረፈ ዕቃ ይሸጥበታል ወደ ተባለበት ገበያ ሁሉ ሄደ፤ ውጫሌ፣ ደሴ፣ ወልድያ። ሦስት ሳምንት ተንከራትቶ፣ አመድ መስሎ ተመለሰ።

«ታጣቂዎቹ በዚህ ረድፍ አልገቡም ይላል ሀሚዱ» አላት። «በራችሁ አልተሰበረም ይላል። ታዲያ ዲስኩ በየት ወጣ?»

ዑምኩልሱም ጨርቅ እየቀደደች ነበር። ቀና አላለችም።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለችው። «ቁልፉ እሱ ጋ ነበር።»

ያለችው ይህንኑ ነው። እውነት ነበር፤ ቁልፉ ሀሚዱ ጋ ነበር። ሰረቀ አላለችም። ኡበይድ ግን ወጥቶ አጥሩን ዞሮ የሀሚዱን በር አንኳኳ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሰዎች ሰላም አልተባባሉም። ነገሩ ከሰዓዳ አፍ ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። ሀሚዱ ዓሣ ይዞ ሲያልፍ ሰው ዕቃውን ወደ ውስጥ ያስገባ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ዑምኩልሱም ለእናቷ መድኃኒት ልግዛ ብላ ከለቅሶው ቤት ወጣች። የሄደችው ግን ወደ ሐይቁ ነው። ሀሚዱ ታንኳውን አስጠግቶ፣ መረቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የተበጠሰውን እየቋጠረ ነበር። ሲያያት ሊነሳ አለና ተወው። ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ከወዲያ ማዶ ከጉሙ ውስጥ ገና መውጣታቸው ነበር።

«ኡበይድ አደራ ሰጥቶኛል» አለችው። «ላንተ።»

እጁ ቆመ።

«አፉ ብዬዋለሁ በይው ብሎኛል።»

«በምኑ?»

«በዲስኩ።»

ሀሚዱ መርፌውን መረቡ ላይ ሰካው።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት።»

«እሺ አልሽው» ብሎ ደገመው፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«ሀሚዱ፣ ዲስኩን የወሰደው ማንም አይደለም። እኔ ነኝ…»

«አውቃለሁ» አላት።

ዑምኩልሱም ቃሉ አልገባትም። ሀሚዱ በአገጩ ከግራ በኩል ውኃው ዳር የበቀለውን ረጅም ፊላ አሳያት። ያን ዕለት ማለዳ ታንኳውን እዚያ ውስጥ ደብቆ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ከታጣቂዎቹ ሸሽቶ። ከረጢቱን ስትፈታ አይቷል፤ ስትወረውር አይቷል። ፈርታ ነው፣ ማን ያልፈራ አለ ብሎ ተወው። ኡበይድ ሲመጣ ራሷ ትነግረዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ታዲያ ስርቆቱ ባንተ ሲላከክ ለምን ዝም አልክ?»

«እቤቴ መጥቶ ቁልፉን ሲጠይቀኝ ዓይኑን አየሁት» አለ ሀሚዱ። «ብነግረው እህት አይኖረውም። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ጎረቤት ይተካል አልኩ። ተሳስቼ ነበር። እኔን የሚተካም አላገኘ፣ እኔም እሱን የሚተካ አላገኘሁ።»

ከዚያ ለሌላ ሰው ተናግሮት የማያውቀውን ነገራት። ከጥር እስከ መጋቢት በየማለዳው እዚያ ቦታ ላይ መረቡን በሐይቁ ወለል ላይ ጎትቷል። ድንጋይና ሣር እየያዘ መረቡ ተበጣጠሰ። ጭቃ የሞላው አንድ ቀይ ሳጥን አወጣ። ዲስኩን ግን አላገኘውም። ቢያገኘው ምን ሊያደርገው እንደነበረ ራሱም አያውቅም፤ ውኃ የገባው ነገር አይሠራም አሉት።

ዑምኩልሱም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቢሰድባት፣ በድንጋይ ቢያባርራት ይሻላት ነበር። ከነጠላው ውስጥ ሆና ለራሷም ጮክ ብላ ተናግራው የማታውቀውን አወጣችው።

«ሳጥኖቹን በፍርሃት ነው የጣልኩት፤ አላህ ያውቃል። ዲስኩ ግን የመዳፍ ያህል ነበር። ጤፍ ውስጥ ብከተው ማንም አያገኘውም ነበር። ይህን ያን ጊዜም አውቃለሁ። እጄ ላይ ሲቀር… ይሄ ነገር ካለ እንደገና ጠጉሩን ያሳድጋል፣ እንደገና ሰው ይስቅብናል አልኩ። ስወረውረው ቀለለኝ ሀሚዱ። ደስ አለኝ።»

ሀሚዱ ይህን አያውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከሷ አሸሸ። ሐይቁ ላይ አንዲት ይብራ ጠልቃ ወጣች።

«አፉታውን አልቀበልም» አለ በመጨረሻ። «ያላጠፋ ሰው አፉ አይባልም። መልሰሽ ውሰጂው።»

«ወዴት ልመልሰው? ባለቤቱ አፈር ውስጥ ነው።»

«እሱን እኔ አላውቅልሽም። ልጄ ሰሚሃ አንቺ የሰፋሽላትን ዩኒፎርም ለብሳ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሌባ ልጅ አሏት። እኔ ለራሴ ችዬዋለሁ። ለሷ ምን ልበላት?»

ዑምኩልሱም ከድንጋዩ ላይ ተነሥታ ወጣች። መድኃኒቱንም ሳትገዛ ቀረች።

ከዙህር በኋላ የማሳረጊያው ዱዓ ተደረገ። የመስጊዱ ኢማም ለሟቹ ጀነትን፣ ለቤተሰቡ ሶብርን ለምነው ሰው ሁሉ አሚን አለ። እነ እንዳለ ከወንዶቹ ጋር ከዳር ተቀምጠው፣ እንደ ሌላው መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር። ሀሚዱ ከሁሉ ኋላ፣ ከዳሱ ምሰሶ ውጪ ቆሟል። አያ ኑርዬ ተነሥተው ዳሱ ዛሬ እንደሚፈርስ፣ የቅሬው ዕቃ ተቆጥሮ እንዲመለስ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ዑምኩልሱም ከሴቶቹ መሀል ቆመች።

«አያ ኑርዬ፣ ከርስዎ በፊት እኔ የምናገረው አለኝ» አለች።

ሰው ወንድሟን ለቀበረላት ሁሉ ልታመሰግን መሰለው። እሷ ግን የወንድሜን ሥራ ሐይቅ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ አለች። ሀሚዱ አልነካውም፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነበር ብዬ በእሱ ላይ ያዞርኩት እኔ ነኝ አለች። ኡበይድ ይህን ሳያውቅ ሞቷል፤ ሊሞት ሲል ለሀሚዱ አፉታ ሲልክብኝ እንኳ አልነገርኩትም አለች። ዲስኩን ስትወረውር ደስ ማለቷን እንኳ አላስቀረችም።

እንዳለ ተነሣ፤ የሚናገር መሰለ፤ ከዚያ አፉን በእጁ ይዞ ወጥቶ ከቁልቋሉ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሴቶቹ ከዑምኩልሱም ትንሽ ትንሽ ራቅ አሉ፤ ሆን ብለው አልነበረም፤ ሰውነታቸው በራሱ ነው የራቀው። አያ ኑርዬ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሰዓዳ ልጇን አላየቻትም። መሬቱን በእጇ እየደገፈች ተነሣች። ለአራት ቀን ያህል ምግብ በቅጡ ያልቀመሰች አሮጊት ነችና ሁለት ሴቶች ሊይዟት ተንቀሳቀሱ፤ በእጇ ከለከለቻቸው። የተቀመጠውን ሰው መሀል ለመሀል እያለፈች እስከ ምሰሶው ሄዳ ሀሚዱን በእጅጌው ያዘችው።

«ና» አለችው። «ቦታህ እዚህ አይደለም።»

እየመራች አምጥታ ከራሷ ጎን አስቀመጠችው፤ የሟች የቅርብ ሰዎች ለቀስተኛውን የሚቀበሉበት ምንጣፍ ላይ። ሀሚዱ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ያላወጣው ልቅሶ የመጣበት፤ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። አያ ኑርዬ ፊተኛ ሆነው ሄዱ። ጎንበስ ብለው እጁን ያዙና እንደ ማንኛውም የሟች ወንድም «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አሉት። ከሳቸው ኋላ ሌላው ተነሣ፤ ከሱ ኋላ ሌላው። አንዳንዱ እጁን ሲይዝ አፉ በለኝ ይለዋል፤ አንዳንዱ ዓይኑን ማየት አቅቶት ቶሎ ያልፋል። እንዳለም ተመልሶ ገብቶ፣ ተንበርክኮ፣ ብዙ ቆይቶ ተነሣ።

ዑምኩልሱም ከሰልፉ ሁሉ መጨረሻ ቆመች። የሟች እህት ናትና ቦታዋ እዚያው ምንጣፍ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ከሩቅ እንደ መጣች ለቀስተኛ ጫማዋን አወለቀች። ተራዋ ሲደርስ ፊቱ ተንበረከከች። ሰዓዳ ፊቷን አዙራለች።

«ሀሚዱ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አለችው።

ሀሚዱ እጁን አልሰጣትም። ውጪ ወንዶቹ የዳሱን ገመድ መፍታት ጀምረው ሸራው በአንድ ወገን ዝቅ አለ። ከዚያ ሀሚዱ ቀና ሳይል፣ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ፣ ወደ ሰዓዳ ጠጋ አለና ምንጣፉ ላይ ለዑምኩልሱም መቀመጫ የሚሆን ቦታ ለቀቀላት።